በሩ አጠገብ ያለው ካርቶን

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ በየነ መፍቻ አልሰጡኝም። የሰጡኝ የእንጨት ሽብልቅ ነው። «ማቀዝቀዣ ክፍል ስትገባ እንዳይዘጋብህ በሩ ሥር ሸጉጠው» አሉኝ። አብነት ሰፈር ያለው ሱቃቸው ድረስ የፍሪጅ ጥገና ልማር ሄጄ እንጨት ሲያስታቅፉኝ፣ ሰውየውን ነካ ያደርጋቸዋል እንዴ ብዬ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ሰንጋ ተራ አንድ ሬስቶራንት የማቀዝቀዣ ክፍሉ ተበላሽቶ ተጠራሁ። ባለቤቱ አቶ መኮንን በሩ አጠገብ መደርደሪያ ላይ ያለ ክፍት ካርቶን አሳዩኝ። አውራ ጣት የሚያካክሉ ስኩዊዶች ናቸው፤ ብዙ እጅ ያላቸው፣ ከጥልቅ ባሕር የሚወጡ።

«በሕይወት ሳሉ ሆዳቸውና ዓይናቸው ዙሪያ ያበራል» አሉኝ። «በል ቶሎ ጨርስልኝ፣ ማታ እንግዳ አለብኝ።»

ሽብልቄን ሸጉጬ ገባሁ። ጥግ ላይ ያለውን የጋዝ ቱቦ ስፈታ መብራት ጠፋ። ወዲያው በሩ ድም አለ። ኋላ እንደነገሩኝ፣ አቶ መኮንን መብራቱን ላይ ወደ ቆጣሪው የወጣሁ መስሏቸው፣ ቅዝቃዜው እንዳይወጣ ሽብልቁን አንሥተው ዘጉት። ጮኽኩ። በዚያ ወፍራም በር ማን ይሰማል?

ቱቦው ጋዝ ይለቃል። በተዘጋ ክፍል ደግሞ ጋዙ የምትተነፍሰውን አየር ነው የሚያሳጣህ። ስልኬ ውጭ ጃኬቴ ውስጥ ቀርቷል። ዞር ዞር ስል በሩ በየት በኩል እንደሆነ ጠፋኝ። ልጆቼ ታዩኝ።

ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ሰማያዊ ነገር አየሁ። ካርቶኑ ነው። የሞቱት ያበራሉ። ልደታ ማርያም ድረሽልኝ አልኩ። ልሸሽ ፈለግሁ፤ ግን ካርቶኑ ያለው በሩ አጠገብ ነው። እየዳበስኩ ወደሱ ሄድኩ። እጄ እርጥብ፣ ልፍስፍስ ያለ ነገር ነካ። ከዚያ በሩን ከውስጥ የሚከፍተውን መግፊያ አገኘሁና ገፋሁት።

«ውስጥ ነበርክ እንዴ?» አሉ አቶ መኮንን፣ ፊታቸው አመድ መስሎ። ብርሃኑን ስነግራቸው ግን «ታዲያ ትኩስ ነው ማለት ነዋ» አሉ።

ደውዬላቸው የመጡት ጋሽ በየነ ካርቶኑን አዩ። «ክፍሉ ሞቆ ባክቴሪያ ወርሶት ነው የሚያበራው። ይጣል» አሉ። ተጣለ። ሽብልቁን ከመሬት አንሥተው እጄ ላይ አደረጉልኝ።

ዛሬ ጡረታ ወጥቼም መኝታ ቤቴ በር ሥር ሽብልቅ አለ። ባለቤቴ ትስቅብኛለች። ትሣቅ።

ሽብልቅ ብቻውን አይበቃም። ከመግባትህ በፊት ውጭ ላለው ሰው ውስጥ እንዳለህ ንገረው።