ሐጂ የተቀመጡበት አበባ

የታሰርኩበት ክፍል የሰሊጥ መጋዘን የነበረ ነው። መተማ አቅራቢያ፣ ኮኪት ከተማ ላይ ፖሊሶቹ በቆርቆሮው በር ሲያስገቡኝ መጀመሪያ የተቀበለኝ የሰሊጥ ሽታ ነው፤ ከዚያ ሙቀቱ። የመስከረም ዝናብ ገና ስላላባራ ግድግዳው ያልበዋል።

በአበባ ምክንያት ታሰርኩ ብል ማን ያምነኛል? ሥራዬ ዕፅዋት ሰብስቦ፣ የተገኙበትን ቦታ ለክቶ፣ ማድረቅና መመዝገብ ነው። በዚያ ሰሞን ድንበሩ ደፍርሶ ነበር። እኔ ደግሞ ለማድረቂያ የሚሆን ጋዜጣ ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ ባጣ፣ መተማ ካለ ሱቅ አሮጌ የሱዳን ጋዜጣ ገዝቼ ዕፅዋቱን በሁለት ሳንቃ መሐል በእሱ ደራርቤ አስሬያለሁ። ድንበር ዳር የዐረብኛ ጋዜጣ ታቅፎ ቦታ የሚለካ ሰው ምን ይባላል? ሰላይ ተባልኩ። እነሱን ብሆን እኔም እጠረጥር ነበር።

ያንገበገበኝ አንዱ አበባ ነው። እንደ ሻይ የሚፈላው የከርከዴ ዘመድ የሆነ የዱር አበባ፣ ፈዛዛ ቢጫ፣ መሐሉ ሐምራዊ። ይህ ንዑስ ዝርያ ከማዶ፣ ሱዳን ውስጥ ይታወቃል እንጂ በእኛ አገር ተመዝግቦ አያውቅም። ሌላውን አራሞች ነቅለውት፣ አብቦ ያገኘሁት እሱን ብቻ ነበር። ማድረቂያው በየቀኑ ካልተለወጠለት ይሻግታል፤ ከሻገተ ደግሞ በእጄ ምንም የለም።

መርማሪው፣ «ጋዜጣውን ከማዶ ሰው ተቀበልሁ ብለህ ፈርም፤ አበባህን ውሰድ» አለኝ።

«ከሱቅ ነው የገዛሁት» አልኩት። ጋዜጣውን በሙሉ ለማስረጃ አስቀረው።

በማግስቱ ተረኛው ፖሊስ ሳንቃዎቹንና ዕፅዋቱን ይዞልኝ መጣ። «ቅጠሉን እንዳትሰጠው ያለኝ የለም» አለ። ገመዱን ግን ከለከለኝ፤ ገመድና ቀበቶ ወደ ክፍል አይገባም። አበባውን ስገልጠው ጠርዙ መጥቆር ጀምሯል። ዕንባዬ መጣ፤ አፈርኩም።

ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከጎጃም የመጣ አንድ ጎልማሳ አንገቱን አስግጎ አየው። «ወንድም ዓለም፣ ይህን እኮ ነው ስነቅለው የከረምሁት። ብትነግረኝ አንድ ጭነት እሰጥህ ነበር።» ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ጭምር።

ሐጂ አልሳቁም። መተማ ላይ ሱቅ ያላቸው አዛውንት ናቸው፤ ከሁላችንም ቀድመው ነው የታሰሩት።

«ምን ይሻለዋል?» አሉኝ።

«ደረቅ ነገርና ክብደት ቢያገኝ።»

ጥምጣማቸውን መፍታት ጀመሩ። ሲተኙ እንኳ ከራሳቸው ሲለይ አላየሁም።

«ኧረ ይተዉ ሐጂ፣ ራስዎ ባዶ ሊቀር ነው።»

«ራሴን አላህ ያየዋል። ይልቅ እጠፈው፣ ልጄ።»

አጠፍኩት፤ አበባውን መሐሉ አስተኝቼ ሳንቃውን ጫንኩበት። ሐጂ ደግሞ ሳንቃው ላይ ተቀመጡ። ሲደክማቸው ጎጃሜው ተካቸው፤ ከእሱ በኋላ ሌላው። እኔ በየቀኑ ጨርቁን በደረቁ በኩል እያዞርኩ አጥፋለሁ።

አንድ ቀን መርማሪው ሊቆጥረን ገባ። ሁላችንም ብድግ አልን። ሐጂ ብቻ ሳንቃው ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ።

«እርስዎ ለምን አይነሡም?»

ሐጂ ባዶ ራሳቸውን ቀና አድርገው አዩት። «ከሥሬ እንግዳ አለ» አሉት። መርማሪው ሳንቃውን አየ፣ እኔን አየ፣ ቆጥሮን ወጣ።

ምንም ስላልተገኘብኝ እኔ ቀድሜ ተፈታሁ። ጥምጣሙን ልመልስላቸው ስል፣ «እስኪደርቅ ይዘኸው ሂድ» አሉኝ። ሲፈቱ አጥቤ መተማ ድረስ ወሰድኩላቸው። የአበባው ሐምራዊ እድፍ አልለቀቀም ነበርና አፍሬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ዘርግተው አዩት።

አበባው ዛሬ አዲስ አበባ፣ የደረቁ ዕፅዋት በሚቀመጡበት ክፍል፣ ለአገራችን አዲስ ተብሎ ተመዝግቧል። ቅጠሉ ላይ የጨርቅ ድር አሻራ ይታያል። ተማሪዎች የተክሉ መስሏቸው ይጠይቁኛል፤ የሰው ነው እላቸዋለሁ። ለሥራ መተማ በወረድኩ ቁጥር ሐጂ ሱቅ ጎራ እላለሁ። ያንኑ ጥምጣም አድርገው አገኛቸዋለሁ፤ እድፉን ወደ ግንባራቸው አውጥተው።