መብራት እስኪመጣ

ባለፈው ሰሞን አዳማ ውስጥ ባጃጅ ተሳፍሬ ስሄድ ሾፌሩ ከስልኩ አንድ ዘፈን ከፈተ። የየት አገር ዘፈን እንደሆነ እሱም የሚያውቅ አልመሰለኝም። ጊታር አለው፤ ከጊታሩ ሥር ደግሞ ፈጠን ፈጠን ያለ፣ ደረቅ የመዳፍ ጭብጨባ። ጆሮዬ ሳይለየው ሆዴ ለየው። «ወንድሜ፣ እባክህ ዝጋው» አልኩት። በመስታወቱ አየኝና ዘጋው። ያመመኝ ሳይመስለው አልቀረም። እኔ ግን የረጠበ ቆርቆሮና የጋለ ፕላስቲክ እየሸተተኝ ነበር።

እስቲ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነበር የምንኖረው። አያቴ ከጎጃም የመጣ ስለሆነ ቤት ውስጥ የምናወራው አማርኛ ነው፤ ከበር ስንወጣ ኦሮምኛ፤ ገበያ ላይ ሁለቱንም እያደባለቅን። የግቢው ባለቤት ጠና ያለች፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት ነበረች። አዳዳ እንላታለን፣ አክስቴ እንደማለት ነው። አንድ ወንድ ልጅ ነበራት። በሱዳን በኩል ወደ ሊቢያ ሄደ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁን የሰማ የለም። ማታ ማታ በሯ ላይ ቆማ ስትጸልይ ስሙን ከነአባቱ ደጋግማ ስትጠራ ግቢው ሁሉ ይሰማት ነበር።

ከእኛ ቤት ቀጥሎ ያለችውን ክፍል የተከራየው ሰው ደግሞ ጋሽ ኩባ ይባላል። በደርግ ጊዜ አባቶቻቸው ጦርነት ላይ የሞቱባቸው ልጆች ለትምህርት ወደ ኩባ ሲላኩ እሱም አንዱ ነበር። ልጅ ሆኖ ሄዶ የእንስሳት ሐኪም ሆኖ ተመለሰ። ስፓኒሽ እንደ አፍ መፍቻው ይናገራል፤ ነቀምቴ ውስጥ ግን ማን ያናግረዋል? ስለዚህ ሥራ ከሌለው ሲያወራ የሚውለው ከቴሌቪዥኑ ጋር ነበር።

አብረውት የተማሩ ጓደኞቹ ከአዲስ አበባ የስፔን ፊልም በዲቪዲ ይልኩለታል። እኔና ጓደኛዬ ከትምህርት ቤት ስንመለስ እሱ ጋ ገብተን እናያለን። የከተማ ፊልሞች ናቸው። ንጉሥ የለ፣ ፈረስ የለ። ከትልቅ ከተማ ዳር፣ ኮንዶሚኒየም በሚመስሉ ሕንጻዎች ሥር ያደጉ ሥራ አጥ ልጆች፤ መኪና የሚሰርቁ፣ ከፖሊስ የሚሮጡ፣ እናቶቻቸው በመስኮት የሚጣሯቸው። ጋሽ ኩባ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሪሞቱን ይዞ ያስተረጉምልናል። ልጁ ሲቆጣ እሱም ይቆጣል፤ እናትየዋ ስታለቅስ ድምፁን ያቀጥናል። የእናትየዋን ንግግር ሁልጊዜ ወደ ኦሮምኛ ነበር የሚመልሰው። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።

«ተዋናይ እንዳይመስሏችሁ» ይለን ነበር። «ዳይሬክተሩ ከመንገድ ነው ያነሳቸው። የሚሠሩት ራሳቸውን ነው።» ዘፋኞቹም የዚያው ሰፈር ልጆች ነበሩ አሉ። ካሴታቸው ነዳጅ ማደያ ላይ ይሸጥ ነበር፤ የተማረው ሰው የሾፌር ዘፈን ነው ብሎ ይንቀው ነበር። ጓደኛዬ የቤተ ክርስቲያኗ ኳየር ጊታር ተጫዋች ስለነበረች ለእሷ ፊልሙ ማለት ዘፈኑ ነበር። ጊታሯን ከጥቁር ቦርሳው አውጥታ ስክሪኑ ላይ የሚጫወተውን ሰው ጣቶች እያየች ትለማመዳለች፤ ጋሽ ኩባ በመዳፉ ያጨበጭብላታል።

ከሁሉም አንዱን ፊልም እንወደው ነበር፤ ቀይ ሹራብ የሚለብሰው፣ ጸጉሩ የተንጨባረረው ልጅ ያለበትን። አንድ ቀን ይሄ ልጅ አሁን የት ነው ብለን ጋሽ ኩባን ጠየቅነው። «ፊልሙ ዝነኛ አደረገው» አለን። «ከዝናው ጋር መርፌ መጣ። እጹ ገደለው። ገና ለጋ ነበር።» ከዚያ ቀን በኋላ ልጁ በስክሪኑ ላይ በሳቀ ቁጥር እኔ እፈራለት ጀመር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል በነበርኩበት ክረምት ፍርሃት ከተማችን ገብቶ ተቀመጠ። ኢንተርኔት የለም። ስልክ ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲፈልግ ዝም ይላል። አባቴ ለሥራ ጊምቢ ሄዶ መንገድ ተዘግቶበት እዚያው ቀርቷል። ሰው ሰላምታውን እንኳ አሳጥሮት ነበር፤ «አካም ጅርቱ» ይልሽና መልስሽን ሳይጠብቅ ያልፋል። በርቀት የሚፈነዳ ነገር ስትሰሚ ጎማ ነው እንዲሉሽ ትጠብቂያለሽ፤ ማንም አይልሽም።

የአጎቴ ልጅ ከኪራሙ ወረዳ የመጣው በዚያ ክረምት ነው። እኔን በጥቂት ዓመት ይበልጠኛል። ጫማው ጭቃ ብቻ ሆኖ፣ የሰው ጃኬት ለብሶ ገባ። ምን እንዳየ አልነገረንም። እናቴ ስለ አጎቴ ጠየቀችው፤ ቀና ብሎ አያትና አንገቱን ደፋ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ አድርጋ ወጣች። ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣውም። መታወቂያው ከቤታቸው ጋር ተቃጥሏል፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ መታወቂያ የሌለው ወጣት ማለት ምን ማለት እንደነበር አንቺም ታውቂዋለሽ። ከግቢ አትውጣ ተባለ። ግድግዳ ተደግፎ ይውላል። አዳዳ ምግብ በሰሃን አድርጋ አጠገቡ ታስቀምጥና «ሂንሶዳቲን» ትለዋለች፣ አትፍራ ማለቷ ነው።

ነገሩ የሆነ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ለቅሶ ሄዳ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ጋሽ ኩባ የአጎቴን ልጅ ክንዱን ይዞ «ና፣ ከእኛ ጋር ተቀመጥ» ብሎ አስገባው። መጋረጃው ተዘግቷል። ክፍሉ የእርጥብ ልብስና የጋለው የዲቪዲ ማጫወቻ ሽታ አለው። ጓደኛዬ አልጋው ጫፍ ላይ፣ እኔ ወለሉ ላይ፣ የአጎቴ ልጅ በሩ አጠገብ። በዝናቡ ምክንያት የሚሰማ ነገር ስላልነበር ጋሽ ኩባ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገው።

ፊልሙ ያው የቀይ ሹራቡ ልጅ ነው። መኪናዋን ሰርቀው ሲነዱ፣ ጭብጨባውና ጊታሩ ሲደምቅ፣ ከበሩ በኩል የማላውቀው ድምፅ ሰማሁ። ከጉሮሮ ሳይሆን ከደረት የወጣ ሻካራ ድምፅ።

«ይሄ ልጅ አለ?»

የአጎቴ ልጅ ነው። ተናገረ! ጋሽ ኩባ ፊልሙን አቆመው። እኔና ጓደኛዬ ተያየን። ጋሽ ኩባ ሪሞቱን በእጁ አገላበጠና፣ «አለ» አለው። «ምን ይሆናል? አግብቶ ወልዷል። አሁን ሸምግሏል።» የአጎቴ ልጅ ራሱን ነቀነቀ። ፊልሙ ቀጠለ።

የወለጋን ዝናብ ታውቂዋለሽ፤ ሲያቆም ቀስ እያለ አይደለም፣ እንደተቆረጠ ነው። ልጆቹ ባንክ ዘርፈው ሲወጡ፣ ፖሊሶቹ ሲተኩሱ፣ ዝናቡ ቀጥ አለ። ተኩሱ ያለ ዝናብ፣ ባዶ ሰፈር ውስጥ ብቻውን ቀረ። ታ ታ ታ ታ። የሴት ጩኸት። እንደገና ታ ታ ታ።

አዳዳ በሩን በርግዳ ገባች። «ኩባ! ዝጋው! ሰው ይሰማል!» ጋሽ ኩባ ሪሞቱን ሲፈልግ መብራቱ ጠፋ። እሱ አይደለም ያጠፋው፤ ሰፈሩ በሙሉ ነው የጠፋው። ከዚያ ያለው ዝምታ፣ ምን ልበልሽ። ከቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ብቻ ይሰማል። ከጎረቤት ውሻ ጮኸ። ሌላ ውሻ መለሰ። ቀጥሎ የሚሮጥ ጫማ ሰማን፣ ብዙ ጫማ። የግቢው በር ተመታ።

መለዮ የለበሱ፣ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ነበሩ። ከየት ወገን እንደሆኑ የጠየቀ የለም። ውጭ ጭቃው ላይ ተደርድረን ተንበረከክን፤ እጃችን ጭንቅላታችን ላይ። ከመካከላቸው አለቃቸው የሚመስለው ዓይኑ የቀላ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነበር።

«ማነው የተኮሰው?»

«ፊልም ነው» አለ ጋሽ ኩባ።

«ፊልም?»

«የስፔን ፊልም ነው ጌታዬ። ቴሌቪዥን ነው።»

«አሳየኝ።»

ጋሽ ኩባ ወደ ቤቱ ዞሮ አየ። «መብራት ጠፋ» አለ። ከታጣቂዎቹ አንዱ ሳቀ። እንደዚያ ያለ ሳቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም።

ቤቱን ፈተሹት። ፍራሹን ገለበጡ፤ ጣሪያውን በአፈሙዝ ነካኩ። ከዚያ አንዱ «እዚህ አለ!» ብሎ ጮኸ፤ መሣሪያ ሲቀባበል ሰማሁ። አልጋው ላይ የተጋደመውን ጥቁር፣ ረጅም ቦርሳ ነው ያየው። ጓደኛዬ «የኔ ነው፣ ጊታር ነው» አለች። አውጥተው ክፈቺው አሏት። ዚፑ አልታዘዝ አላት። በመጨረሻ የጊታሩ አንገት ሲወጣ ሁላችንም አንድ ላይ ተነፈስን።

አለቃቸው በረንዳው ላይ ተቀመጠ። «መብራት እስኪመጣ ማንም ንቅንቅ አይልም» አለ። «ፊልም ከሆነ እናያለን። ካልሆነም እናያለን።» ከዚያ ወደ ጓደኛዬ ዞሮ «በይ ተጫወቺ» አላት።

ተጫወተች። መዝሙር ትጫወታለች ብዬ ነበር፤ እጇ ላይ የመጣው ግን ያ የፊልሙ ዘፈን ነው። ጣቷ ክር ይስታል፣ ዘፈኑ ይቋረጣል፣ እንደገና ይጀምራል። ጭብጨባ የለውም። ጋሽ ኩባ እጁ ጭንቅላቱ ላይ ነበር።

እሷ እየተጫወተች መታወቂያ ተጠየቅን። አለቃቸው ተነስቶ የእኔን የተማሪ መታወቂያ አየ። የጋሽ ኩባን አየ። የአጎቴ ልጅ ፊት ቆመ።

«ያንተስ?»

የአጎቴ ልጅ መሬት መሬት ያያል። ያገኘውን ድምፅ መልሶ ያጣው መሰለኝ። በዚህ ጊዜ አዳዳ ከተንበረከከችበት ሳትነሳ፣ ደረቷን በእጇ እየመታች «ኢልመ ኮቲ!» አለች። ልጄ ነው! «ኢልመ ኮቲ! መታወቂያው በውሃ ተበላሽቶ ነው!»

አለቃቸው አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወደ ጆሮው ጠጋ አለና በኦሮምኛ ጠየቀው። «መቃን ኬ ኤኙ?» ስምህ ማነው።

የጓደኛዬ ጊታር ቆመ። የአጎቴ ልጅ ቀና አለና፣ ሊቢያ የሄደውን የአዳዳን ልጅ ስም ከነአባቱ ተናገረ። በጥሩ ኦሮምኛ፣ ሳይንተባተብ። ማንም አላስተማረውም። ግድግዳ ተደግፎ ሲውል፣ ማታ ማታ ከበሯ ላይ ሰምቶት ነው።

አለቃቸው ያወቀ ይመስለኛል። መልካቸው አይገናኝም፤ እሱ ደግሞ ብዙ ሰው ያየ ሰው ነበር። ግን ተነስቶ ወደ ቦታው ሄደና «ቀጥዪ እንጂ» አላት ጓደኛዬን።

መብራቱ ሲመጣ ማንም አልተደሰተም። ቴሌቪዥኑ ክፍሉ ውስጥ ብልጭ አለ። ጋሽ ኩባን እየገፉ አስገቡት፤ እኛ በበሩ እናያለን። ማጫወቻው ፊልሙን ከመጀመሪያው ጀመረው። የተዋንያኑ ስም እየወጣ፣ ያ ጊታርና ያ ጭብጨባ ቤቱን ሞላው፤ ጓደኛዬ ስትጫወተው የቆየችው ራሱ። አለቃቸው ዞሮ አያት። አሁን ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ትንሽ ላላ። ጋሽ ኩባ ወደፊት አሳለፈው። ተኩሱ ሲመጣ አንዱ ታጣቂ መሣሪያውን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረ፤ አለቃው አፈሙዙን በእጁ ዝቅ አደረገለት። ቆመው አዩት። ቀይ ሹራቡ ልጅ ሲወድቅ አንደኛው፣ ጢም ያላበቀለው፣ «ሞተ?» ብሎ ጠየቀ።

ጋሽ ኩባ «በፊልሙ ነው» አለ።

ዲቪዲውን ከማጫወቻው አውጥተው ወሰዱት። ሁለተኛ የዚህን ቴሌቪዥን ድምፅ እንዳልሰማ አለ አለቃቸው። ሄዱ። እኛ ግን ለረጅም ጊዜ ከጭቃው ላይ አልተነሳንም። መጀመሪያ የተነሳው የአጎቴ ልጅ ነው፤ ከሽንት ቤቱ ኋላ ሄዶ ሲያስመልስ ሰማነው።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ኩባ ፊልም የሚያየው ድምፁን ዘግቶ ሆነ። በመስኮቱ ሳልፍ በርጩማው ላይ ተቀምጦ አየዋለሁ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ያስተረጉማል፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። ጓደኛዬ ወዲያው ከቤተሰቧ ጋር ከተማ ቀየረች። የአጎቴ ልጅ አዲስ አበባ ሴራሚክ ያነጥፋል። ስንገናኝ ስለዚያ ቀን አናነሳም፤ ስለ ሥራ፣ ስለ ኑሮ ውድነት እናወራለን።

የአጎቴን ልጅ ከነቀምቴ ያወጣነው በማግስቱ ጠዋት ነው። ጋሽ ኩባ ላሙን ያከመለት አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ረዳቴ ነው ብዬ አሳልፈዋለሁ ብሎ ተስማማ። እናቴ በሩ ላይ ተሰናብታው ቀረች፤ እኔና አዳዳ ሸኘነው። ጉም ነበር፤ መኪናው የናፍጣና የእርጥብ ጆንያ ይሸታል። አዳዳ የልጇን ሹራብ አለበሰችው። አንገትጌውን አስተካከለችለት፤ ጉንጩን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችው፤ ሾፌሩ እስኪያፍር ድረስ በልጇ ስም እየጠራች መረቀችው። የአጎቴ ልጅ ጉልበቷን ስሞ መኪናው ላይ ወጣ።

መኪናው ጉሙ ውስጥ ገባ። ድምፁም ራቀ። እሷ ግን ከመንገዱ አልተንቀሳቀሰችም። እጇን ያዝኩትና «አዳዳ፣ እንሂድ፣ ሰው ያየናል» አልኳት። እጇ በረዶ ነበር።

«ትንሽ ልቁም» አለችኝ። «ያኛውን አልሸኘሁትም። ሳይነግረኝ ነው የሄደው።»