ለአንዲት ክፍል ትልቅ ውሻ
ዛሬ ጠዋት ውሻዬ ጎረቤቴን እትዬ ዘሀራን አስለቀሰብኝ። አልነከሳቸውም።

ከግቢ ሲወጡ ሰንሰለቱን በጥሶ ተከተላቸው። ድንጋይ አነሱ፤ ግን መወርወር አቅቷቸው መንገዱ ዳር ቁጭ ብለው አለቀሱ።

ሮጬ ደርሼ «ይቅርታ እትዬ፣ አስደነገጠዎት?» አልኳቸው።

«ወላሂ ፈርቼው አይደለም» አሉ። «ልጅ ሳለሁ፣ በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከወግዲ ስንሰደድ ውሻችን ተከተለን። አባቴ ‹መንገድ ላይ ይሞትብናል፣ መልሺው› ብሎኝ በድንጋይ መታሁት። ቆም ይልና ደግሞ ይከተለኛል። እስከ ወንዙ ድረስ እየወረወርኩ ሄድኩ።»

ውሻውን በተበጠሰው ሰንሰለት ይዤ ወደ ራሴ ሳብኩት።

«ያንተውም ቀኑን ሙሉ ያለቅሳል» አሉኝ። «አንተ ቢሮ ነህ፣ የምሰማው እኔ ነኝ። ትቀየመኛለህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ጀርመን ሼፐርድ ነው። መካነ ሰላም ላይ እንዲህ ያለ ውሻ አለው እንድባል ነው ያመጣሁት። (የምንኖረው አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ መሆኑን ለውሻው አልነገርኩትም።)

ስወስደው ስለ ጆሮውና ስለ ቁመቱ ጠየቅሁ። ምን ያህል መሮጥ እንደሚፈልግ፣ ቀን ከማን ጋር እንደሚውል ግን አልጠየቅሁም።

ከሰዓት ከላላ ወረዳ ገጠር ላሉት አጎቴ ደወልኩ። ሰፊ ሜዳና በጎች አሏቸው፤ ከደጃቸውም አይርቁም። ነገ መጥተው ይወስዱታል።

ለእትዬ ስነግራቸው «አብሽር፣ ደግ አደረግክ» አሉኝ።

እኔን ግን ደግ የሠራሁ አልመሰለኝም። ይህን ስጽፍ እግሬ ስር ተኝቶ ጭራውን ይቆላልኛል። ነገ እንደሚሄድ አያውቅም።

እናንተስ፣ ከቤታችሁና ከኑሯችሁ ጋር የማይሄድ ውሻ አምጥታችሁ ታውቃላችሁ? እንዴት ተለያያችሁ?