ጠዋት ያልተደገመ ቃል

ታላቅ ወንድሜ ወለል አንጣፊ አናጢ ነበር። በአሰበ ተፈሪ ከተማ የጣውላ ወለል ያለው ቤት ገብቼ ስረግጠው ካልጮኸ የወንድሜ ሥራ ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ስጠይቅም አብዛኛውን ጊዜ ግምቴ ልክ ነበር። ሆኖም "የወንድሜ ሥራ" የሚለው አባባል የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው። ወንድሜ የሚያነጥፈውን ጣውላ የሚያዘጋጁት ሌላ ሰው ነበሩ።

ሰውየው ከሂርና የመጡ ስለነበሩ ከተማው ሁሉ "የሂርናው" ይላቸው ነበር። ከወንድሜ ጋር ከወጣትነታቸው ጀምሮ አብረው ሠርተዋል። የወለል ጣውላ በአንደኛው ጠርዙ ምላስ ይወጣለታል፣ በሌላኛው ይቦረቦራል። የአንዱ ምላስ በሌላው ቦይ ውስጥ ሲገባ ሁለቱ ጣውላዎች ይያያዛሉ። አናጢዎቹ ወንዴና ሴቴ ይሉታል። የሂርናው ይህን የሚሠሩት ራሳቸው ባበጁዋቸው ሁለት ጠባብ መላጊያዎች ነበር። እሳቸው ይልጋሉ፣ ወንድሜ ተንበርክኮ ያነጥፋል። ዓርብ የሂርናው ለጁምዓ ሲሄዱ ወንድሜ ብቻውን ሚስማር ይመታል፤ እሑድ ወንድሜ ሲያርፍ እሳቸው ለሰኞ የሚሆነውን ልገው ያስቀምጣሉ።

እኔ በደርግ ዘመን ለዜና ሥራ ወደዚያ ስመደብ ያረፍኩት ወንድሜ ቤት ነው። ከገለምሶ፣ ከበደሳና ከመንገድ ዳር ከተሞች ያገኘሁትን ወሬ እያጣራሁ በስልክ ወደ አዲስ አበባ አስተላልፍ ነበር። የሂርናው "ወሬ ሰብሳቢው" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

አናጢዎቹ በማኅበር ተደራጅተው ከአውራ ጎዳናው በታች ባለ የቆርቆሮ መጋዘን ይሠሩ ነበር። አንድ ቀን በጭነት መኪና፣ በትልቅ የእንጨት ሳጥን ታሽጎ፣ የመላጊያ ማሽን መጣላቸው። ሁሉም ማሽኑን ለማየት ሲጋፋ የሂርናው ሳጥኑን በእጃቸው እየዳሰሱ ዞሩት።

"ሳጥኑ መልካም ሥራ ነው" አሉ። "የውስጡን ደግሞ እናያለን።"

ማሽኑ በናፍጣ ሞተር ይሠራል። ሻካራው ጣውላ በአንድ በኩል ይገባና ወንዴውም ሴቴውም ወጥቶለት በሌላ በኩል ይወጣል። የሂርናው ረፋዱን ሙሉ የሚለፉበትን ማሽኑ ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ይጨርሰዋል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ማሽኑ የላገው ጣውላ በደንብ የሚነጠፍ ከሆነ የእጅ መላጊያው ሥራ እንደሚቀር ተናገረ። ወንድሜ በመሰብሰቢያ አዳራሹ አንድ ጥግ ላይ ሞክሮት በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ቃሉን እንዲሰጥ ታዘዘ።

ከስብሰባው ሁለት ቀን በፊት ከሰዓት በኋላ የሂርናው ወንድሜ ቤት በርጫ ላይ ነበሩ። እኔም ከጎናቸው ተቀምጬ ነበር።

"ማሽኑ ያንተን ሥራ አይወስድም አቦ" አሉት ወንድሜን፣ ለጋ ለጋውን ጫት እየመረጡ። "ግድግዳ ሲንጋደድ ተንበርክኮ የሚያይለት ማሽን የለም። የሚወስደው የኔን ነው።"

"ያንተ፣ የኔ የሚባል አለ እንዴ?"

"ድሮ አልነበረም። አሁን መጣ።"

ወንድሜ የያዘውን ቀንበጥ አስቀመጠ። "ስማኝ። ስብሰባው ላይ ሲጠይቁኝ፣ ያለሱ እጅ ወለል አልነካም እላቸዋለሁ። አለቀ።"

የሂርናው ሳቁ። "ይሄ ምርቃና ነው የሚናገረው! ወሬ ሰብሳቢው፣ ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ" አልኳቸው።

እዚህ ላይ የአገሩን ልማድ ማስረዳት አለብኝ። በርጫ ላይ ሰው ብዙ ቃል ይገባል። ቤት ይሠራል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ ልጁን ይድራል። በማግሥቱ ማንም በዚያ አይያዝም። ከልቡ የተናገረ ሰው ቃሉን በማግሥቱ ጠዋት፣ ምንም ሳይቀምስ ይደግመዋል፤ ቃሉ የሚታሰረው ያኔ ነው። ቃል የተገባለት ሰው ጠዋት ብቅ ይላል እንጂ አይጠይቅም፤ መጠየቅ ነውር ነው። ነገሩ የተረሳ ከመሰለ ግን አብሮ የሰማ ሦስተኛ ሰው "ትናንት ምን ተባብላችሁ ነበር?" ማለት ይችላል። ይህን በየትም ተጽፎ አላየሁም፤ ሲሠራበት ግን ደጋግሜ አይቻለሁ።

በማግሥቱ የሂርናው ከሱብሒ ሶላት በኋላ መጡ። ደጃፉ ላይ ባለው ግንድ ተቀመጡ። ወንድሜ መሮውን እየሳለ ስለ ሚስማር መጥፋት ያወራ ጀመር። ነጋዴው ሁሉ ሚስማሩን ደብቆታል አለ። የሂርናው "እህ" ይላሉ። ወንድሜ ስለ ዝናቡ አነሳ፣ ከገለምሶ በኩል ስለሚመጣው እርጥብ ዝግባ አነሳ። የሂርናው "እህ" ይላሉ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። እኔ የመቅረጫዬን ባትሪ እየቀየርኩ ነበር። ባትሪው ገብቶ ካለቀም በኋላ ክዳኑን ስከፍትና ስዘጋ ቆየሁ።

"በሉ እንግዲህ፣ ሰላም ዋሉ" ብለው ተነሡ።

ከሄዱ በኋላ ወንድሜ መሮውን ማገላበጡን ቀጠለ። "ረስቼው አይደለም" አለኝ።

"አውቃለሁ።"

"ጣውላውን አንጥፌ አየሁት። እንከን የለውም። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ አውቃለሁ። ልዋሽ?"

"የጠየቁህን መልስ" አልኩት። መቅረጫ ይዤ ለማናግራቸው ሰዎች የምሰጠው ምክር ነበር።

በስብሰባው ሊቀ መንበሩ ወንድሜን አስነሥቶ የማሽኑ ጣውላ ይነጠፋል ወይስ አይነጠፍም ሲል ጠየቀው።

"ይነጠፋል" አለና ተቀመጠ።

ተጨበጨበ። ለሂርናው ደግሞ ጣውላ ለማሽኑ የማቀበል ሥራ ተሰጣቸው። እሳቸው እጃቸውን አውጥተው ተነሡ።

"ዕድሜ ልኬን በእጄ ስሠራው ለኖርኩት፣ አሁን ለብረት ቆሜ ላጉርስ? ወላሂ አላደርገውም። ጉርሻ የፈለገ ሰው ካለ ቤቴ ይምጣ።"

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ወንድሜ አልሳቀም። የሂርናው መላጊያዎቻቸውን በሽርጥ ጠቅልለው በዚያው ሳምንት በጫት መኪና ወደ ሂርና ሄዱ። እኔ ስለ ማሽኑ ዜና ሠራሁ። ሥራ ያፋጥናል፣ ድካም ያስቀራል፣ የማኅበሩን ምርት ያሳድጋል አልኩ። ሁሉንም አጣርቼ ነው የጻፍኩት፤ አንድም ሐሰት የለበትም።

ወንድሜ ከዚያ በኋላ ከመቼውም የበለጠ ሥራ አገኘ። የትምህርት ቤትና የመሥሪያ ቤት ወለል እየተከታተለ መጣለት። ሰዎች ማሽን አናጢን ይተካ እንደሆነ ሲጠይቁት "እኔን አልተካኝም" ይልና ወሬ ይለውጣል። ዓርብ ዓርብ ግን ሥራ መግባት ተወ። ምክንያቱን አልተናገረም። በሾፌሮች እጅ ወደ ሂርና ስኳር ይልካል፤ የሂርናው በዚያው ሾፌር ጥሩ ጥሩውን ጫት መርጠው ይመልሱለታል። ስኳሩን ቢመልሱበት ይሻለው ነበር መሰለኝ። ጫቱን አይቅመውም፤ ለጎረቤት ያድላል።

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ናፍጣ ጠፋ። የማሽኑ ስለትም ተሰበረና መለዋወጫው አልመጣ አለ። ማሽኑ በሸራ ተሸፍኖ ቆመ። በዚያን ጊዜ ወንድሜ "ሂርና እንሂድ፣ እዚያ እናድራለን" አለኝ። ማደር ለምን እንዳስፈለገ አልጠየቅሁትም።

የሂርናው አርጅተው ነበር፤ ግን በደስታ ተቀበሉን። የአልጋ እግርና የመስኮት ፍሬም ይሠራሉ። በማግሥቱ ጠዋት ቂጣና ሆጃ፣ ያም በወተት የፈላ የቡና ገለባ፣ ቀርቦልን ሳለ ወንድሜ ስኒውን አልነካም።

"ያኔ ጠዋት ልደግመው የሚገባኝ ቃል ነበረኝ" አለ። "ያላንተ እጅ ወለል አልነካም ብዬ ነበር። ዛሬ ደግሜዋለሁ። ተመለስ፣ አብረን እንሥራ።"

የሂርናው ስኒያቸውን አስቀመጡ። "ማሽኑ ቆመ አሉ፣ እውነት ነው?"

"ቆሟል።"

"እንግዲያ ቃሉን ይዞት የመጣው የናፍጣ መጥፋት ነዋ!"

"ናፍጣ ቢኖርም እመጣ ነበር።"

"ወላሂ በል።"

ወንድሜ ስኒውን በቦታው አዞረው እንጂ አልማለም። ግቢው ውስጥ አንዲት ፍየል የመላጊያ ፍቅፋቂ እያነሳች ትጥላለች። የሂርናው ሳቅ አሉ፤ ክፋት አልነበረበትም።

"ተወው ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ። ውሸት ጠልተህ ነው ያኔም ያጣኸኝ። አሁን ብላ፣ ሆጃው ይቀዘቅዛል።"

በላን። ስለ መመለስ ዳግም አልተነሳም። ስንሰነባበት የሂርናው ለወንድሜ ቤት ብለው ሁለት ትናንሽ መቀመጫ ዱካዎች አሸከሙን፤ እምቢ ለማለት ድፍረቱን አላገኘንም።

መንገድ ዳር ቆመን ሚኒባስ ስንጠብቅ ወንድሜ አንዱን ዱካ ገልብጦ የእግሩን መጋጠሚያ በአውራ ጣቱ ሲዳስስ ቆየ። ከዚያ ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

"አንተ ሰምተሃል። ደግሜዋለሁ አይደል?"

"ደግመኸዋል" አልኩት።

እንደ ማሽኑ ዜናዬ ሁሉ፣ ሐሰት አልነበረበትም። ሚኒባሱ ሲመጣ ዱካዎቹን ወደ ጣራው ለረዳቱ አቀበልንና ገብተን በተለያየ ወንበር ተቀመጥን።