ቀኛዝማች ያስተረጎሙልን ፊልም

በሕይወቴ ካየኋቸው ፊልሞች ሁሉ የምወደው መቱ ላይ፣ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ፣ በአቡጀዲ ላይ ያየሁትን ጥቁርና ነጭ የጦርነት ፊልም ነው። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ገብቼ ባለቀለሙንም፣ መድፉ ጆሮ የሚያደነቁረውንም አይቻለሁ። አንዱም እንደዚያ አልያዘኝም። ፊልሙ ትዝ ባለኝ ቁጥር ግን አስተርጓሚውም አብሮ ትዝ ይለኛል። ስለዚህ ደግ ደጉን ብቻ ልጽፍ ብነሳም እጄ እሺ አይለኝም።

ጣሊያን ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። እኔ እዚያው መቱ አስተማሪ ነበርኩ፤ የምኖረውም ካሳደገችኝ አክስቴ ጋር ነው። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የፊልም መኪና መጣ ተባለ። ጎሬ ድረስ ሊዘልቅ አስቦ ነበር፤ ጭቃው መቱ ላይ ያዘው። ሹሞቻችን ይህን ሲሰሙ "እንግዲያው እዚሁ ይታይልን" አሉ። በዚያ ዝናብ ደጅ ማሳየት ስለማይቻል፣ የአዳራሹ መስኮት ሁሉ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ በቀን እንዲታይ ተወሰነ። ብርድ ልብሱን ያዋጣነው እኛ አስተማሪዎቹ ነን፤ ሹሞቹ ያዋጡት ሐሳቡን ነው።

ችግሩ ፊልሙ በጣሊያንኛ መሆኑ ነበር። ባለ ፊልሙ በጽሕፈት ቤቱ በረንዳ ላይ ቆሞ፣ "ጀርመን ሀገራቸውን በያዘ ጊዜ ጣሊያኖች በየመንደሩ እንዴት እንደታገሉ ያሳያል" ብሎ ሲያስረዳ፣ ከሹሞቹ አንዱ "እነሱም አርበኛ ነበራቸው እንዴ?" አለ። ተሳቀ። ቀጥሎ "ጣሊያንኛ የሚችል ማን አለ?" ተብሎ ሲጠየቅ ግን ሳቁ ቆመ። በጣሊያን ጊዜ ጣሊያንኛ ያልሞከረ የመቱ ሰው አልነበረም፤ እንቁላል ሻጯ ሳትቀር ትከራከርበት ነበር። ጣሊያን የወጣ ዕለት ቋንቋውም ከሰው ሁሉ አፍ ተከትሎት ወጣ። ሁሉም ሰው ጫማውን አየ፣ ከዚያ ሁሉም ሰው ቀኛዝማችን አየ።

ቀኛዝማች በዚያ ዘመን ጎሬ ላይ የጣሊያን ሹም አስተርጓሚ ነበሩ። ጣሊያን ሲወጣ "የውስጥ አርበኛ ነበርኩ" አሉ፤ መስካሪም አላጡም። ማዕረግ አገኙ፣ ሜዳልያ አገኙ፣ መሬትም አገኙ። ያኔ ብቅ ብቅ ያለው የውስጥ አርበኛ ብዛቱ፣ ጣሊያን እንዴት አንድ ሳምንት እንኳ መቆየት እንደቻለ ግራ ያጋባ ነበር። እኔ "እሳቸው" እያልኩ የማወራው አክብሬያቸው አይደለም፤ ምላሴ ስለለመደው ነው።

የአክስቴ ባል ደግሞ የውጭው አርበኛ ነበር። ያዮ ጫካ ገብቶ፣ ማር ቆራጮች እየሸሸጉት ይዋጋ ነበር፤ እሷም ቆሎና ጨው በማገዶ ውስጥ ደብቃ ታደርስለት ነበር። አንድ ሰው ጠቆመውና ተያዘ። ጎሬ ወስደው በአንድ ጠዋት ፈረዱበት፣ ያንኑ ቀን ገደሉት። የሞት ፍርዱን በአማርኛ የነገሩት ቀኛዝማች ናቸው፤ ይህን እሳቸውም አይክዱም። የት እንደቀበሩት ግን የሚናገር ጠፋ። አክስቴ ጡረታ አልጠየቀችም፣ መሬት አልጠየቀችም። የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ አፅሙን አፍልሳ፣ ፍትሐት አስደርጋለት፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ማሳረፍ። ቀኛዝማችን ከቅዳሴ ሲወጡም፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጠውም ባገኘቻቸው ቁጥር ትጠይቃቸው ነበር። መልሳቸው አይለወጥም።

"እትዬ፣ እኔ አፍ ነበርኩ እንጂ ዓይን አልነበርኩም።"

ይህን ሲሉ ትልቅ ነገር የተናገሩ ይመስላቸውና ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ። እኔ በዚያች ጋቢ ማስተካከል ከምንም በላይ እበሽቅ ነበር።

አስተርጉሙ ሲባሉ ለወጉ ያህል "ኧረ ዘንግቼዋለሁ" አሉ፤ ትንሽ ተለመኑ፤ በማግስቱ ሜዳልያቸውን ደርድረው መጡ። ፊተኛው ረድፍ ለሹሞች ወንበር፣ ከኋላቸው ለነጋዴዎች አግዳሚ፣ መጨረሻው ለሴቶችና ለባላገሩ ባዶ መሬት ሆነ። የጫካውን አርበኞች የፈለገ ሰው እነሱንም እዚያው መጨረሻው ጋ፣ ቆመው ያገኛቸዋል። አክስቴ መጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ቀኛዝማች እንደሚያስተረጉሙ ነግሬያት ስለነበር ትመጣለች ብዬ አላሰብኩም። "ስለ አርበኛ ነው አላላችሁም?" ብቻ አለችኝ።

ፊልሙ ተጀመረ። በተራራ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ፣ እርጥብ ድንጋይ፣ ጠባብ መንገድ። አርበኛው አጭር፣ ጢሙን በወጉ ያልተላጨ ግንበኛ ነው። ፈረስ የለውም፣ አይፎክርም። የሚሸሹ ሰዎችን በተራራው ያሻግራል፣ ሲመለስ ሚስቱ የረጠበ ካልሲውን ትጨምቅለታለች። ሥራው ይኸው ነው። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ አርበኛ የሰማሁት ሁሉ በድል በዓል መድረክ ላይ፣ በጩኸት ነበር። ያን ካልሲ ሳይ ዓይኔ እንባ ሞላ። ጣሊያን መሆናቸውንም ረሳሁት፤ ስረሳው ደግሞ ተናደድኩ።

የፊልሙ ትልቅነት ዝምታው ላይ ነበር። ወታደሮቹ የከተማውን ሰው አደባባይ ላይ አሰልፈው "አሻጋሪው ማነው?" ሲሉ ማንም አይመልስም። ካሜራው ዝም ብሎ ፊት ለፊት እያየ ያልፋል፤ የሽማግሌ ፊት፣ የሴት ፊት፣ የዳቦ ጋጋሪ ፊት። ይህን ዝምታ ቀኛዝማች አልቻሉትም። ከአቡጀዲው አጠገብ ከዘራቸውን ይዘው ቆመው፣ ጥላቸው ፊልሙ ውስጥ እየገባ፣ "አሁን ይህ ሽማግሌ በልቡ፣ ለሀገሬ እሞታለሁ እያለ ነው" ይሉናል። ግንበኛው ሁለት ቃል ሲናገር እሳቸው ንግግር ያደርጋሉ። ሚስቱ "ብላ" ስትለው፣ በእሳቸው አፍ ስለ ነፃነት ትመክረዋለች። ከዚያ ለኋለኞቹ በኦሮምኛ ያሳጥሩታል። ፊተኛው ረድፍ ያጨበጭባል። እኔ ብርድ ልብሴ መስኮቱ ላይ ባይሰቀል ኖሮ አፋቸው ውስጥ ብወትፈው ደስ ይለኝ ነበር።

ግንበኛው ተያዘ። ጀርመናዊው መኮንን ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል። ከአጠገቡ አንድ ቀጭን የከተማው መድኃኒት ሻጭ፣ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ቆሟል። ጀርመንኛ ስለሚያውቅ አስተርጓሚ አድርገውታል። መኮንኑ ፍርዱን አነበበ። መድኃኒት ሻጩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና፣ ዓይኑን ወደ ግንበኛው ሳያነሳ ፍርዱን በጣሊያንኛ ነገረው።

ቀኛዝማች አሳላቸው። መሐረባቸውን ፈለጉ፣ አገኙት፣ አፋቸውን አበሱ።

"እዚህ ላይ" አሉ፣ "ጉዳዩን እየተወያዩበት ነው።"

ያን ሁሉ ዝምታ በወሬ የሞሉት ሰውዬ፣ ሰው በእውነት ሲናገር የተናገረውን ዋጡት። ዞር ብዬ አክስቴን አየኋት። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አቡጀዲውን እያየች ነው።

ፊልሙ ሊያልቅ ሲል መድኃኒት ሻጩ ወደ ግንበኛው ቤት መጣ። ሚስቱ በሩን ከፈተችና ቆመች፤ ግባ አላለችውም። እሱም አልገባም። ዞሮ መሄድ ጀመረ፣ እሷ ተከተለችው። ከከተማው ወጥተው ብቻውን ካለ አንድ ዛፍ ሥር ሲደርሱ ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀና በባርኔጣው መሬቱን አመለከታት። አንድ ቃል አልተናገሩም። ለዚህች ጣሊያንኛ አያስፈልግም፤ አማርኛም አያስፈልግም።

ቀኛዝማች ግን አስተረጎሙት። "መንገድ ጠፍቷት ነው፤ መንገድ እያሳያት ነው" አሉ።

ያኔ ከኋላ አክስቴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ግን ሳትጮህ፣ "አዋላ ኢቲ አርጊሲሴ" አለች። መቃብሩን አሳያት ማለቷ ነው። ከአጠገቧ ያሉት ሴቶች ለኋለኛው፣ ኋለኛውም ለአግዳሚው አስተላለፈው። ነጋዴዎቹ ሰሙ። ወንበር ላይ የተቀመጡትም ሰሙ፤ ኦሮምኛ የማይሰማ ሹም መቱ ላይ ማን ነበረ? ከመካከላቸው ግን አንድም ሰው ዞር ብሎ አላየም። ቀኛዝማች ከዚያ በኋላ ፊልሙ እስኪያልቅ አልተናገሩም። የፊልሙን መጨረሻ በሰላም ያየሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ብርድ ልብሶቹ ሲወርዱ ሹሞቹ ቀኛዝማችን ከበቡ። አንደኛው እጃቸውን ጨብጦ፣ "እዚያ የነበሩ ነው እኮ የሚመስሉት!" አለ። እኔ አጠገባቸው አግዳሚ እያነሳሁ ነበር። ሰውየው ነገር ሊወጋ ፈልጎ ቢሆን አከብረው ነበር፤ ግን ከልቡ ነው ያደነቃቸው።

አክስቴ በሩ ላይ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ነጠላዋን ተከናንባ ጠበቀቻቸው። ሲወጡ እጅ ነሳች። ሁልጊዜ እጅ ትነሳቸው ነበር።

"ቀኛዝማች፣ ያ ሰውዬ ባርኔጣውን አውልቆ አሳያት። እርስዎ ባርኔጣዎን አያውልቁ። ከፈለጉም አይናገሩ። ጎሬ ድረስ እከተልዎታለሁ፣ በጣትዎ ብቻ ያሳዩኝ።"

ቀኛዝማች ዙሪያቸውን አዩ። ሰው ቆሞ ይሰማል።

"እትዬ" አሉ፣ "ፊልም እኮ ነው።"

ጋቢያቸውን አስተካክለው የሹሞቹ መኪና ውስጥ ገቡ። አክስቴ በዚያ ጭቃ እስከ ቤት ድረስ ከፊቴ ሄደች። እራት ላይ "ያቺ ሴትዮ ታድላለች" አለች። ባሏ ስለተገደለባት ሴት ነው የምታወራው።

ጥቂት ክረምቶች አልፈው ቀኛዝማች አረፉ። ቀብራቸው ላይ ያልመጣ የኢሉባቦር ሹም አልነበረም፤ ከጎሬም፣ ከቡሬም መጡ። ጥይት ተተኮሰ። የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ "ጠላትን በምላሳቸው ያሳሳቱ ታላቅ የውስጥ አርበኛ" ተባለ፣ ሴቶቹ አለቀሱ። የተቀበሩትም ከቤተ መቅደሱ አጠገብ፣ አክስቴ ለባሏ ስትመኘው በኖረችው ጥግ ነው። እኔ ተናድጄ ልወጣ ስል እሷ ወደ መቃብሩ ስትሄድ አየኋት። ሰዉ ይቅር ልትላቸው የመጣች መስሎት መንገድ ለቀቀላት።

ጎንበስ ብላ አዲሱን አፈር በመዳፏ ዳሰሰችው። ከዚያ ቀና አለችና እጇን አራገፈች።

"የእሳቸውስ ታወቀ" አለች።