«ወልዳ ያጣች» የሚለው ረድፍ

ኅዳር 19 ቀን፣ ዓርብ፣ አንድ ሠንጠረዥ ሳትጨርስ ከቢሮ ወጣች። ሰኞ ልትዘጋው ነበር። እሑድ ልቧ ቀጥ ብሎ ሞተች።

ስህተት ከእጇ ስለማያመልጥ ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏት ነበር። ከየመንደሩ የሚመጣውን የእናቶችና የሕፃናት ጤና መጠይቅ አጥርታ፣ መልሱን በየምድቡ ትከፍል ነበር፤ ዕድሜን በአምስት በአምስት ዓመት፣ ትምህርትን በደረጃ፣ ልጆችን በቁጥር። ያን ዓርብ ከልጆቹ ቁጥር ጋር ተያያዘች። «በሕይወት ያለ ልጅ የላትም» በሚለው ምድብ ውስጥ ጨርሶ ያልወለዱና ወልደው የቀበሩ ሴቶች ተቀላቅለዋል። ለየቻቸውና «ወልዳ ያጣች» የሚል ረድፍ ጨመረች።

ኃላፊው ወንበሩን እየጎተተ መጣ።

«ወንፊት፣ ደግሞ ምን ጠጠር አገኘሽ?»

«ጠጠር አይደሉም ጋሼ፤ እናቶች ናቸው።»

«ይሁኑ፤ ግን ጥቂት ናቸው፤ ለስሌት አይበቁም። ካልወለዱት ጋር ደርቢያቸውና እንገላገል።»

«አዋላጆቹ የማንን ቤት እንደሚጎበኙ የሚወሰነው በዚህ ሠንጠረዥ ነው። ልጇን የቀበረችው ነገ ስታረግዝ እንደ አዲስ ሙሽራ ተቆጥራ በሯን የሚያንኳኳ ታጣለች።»

«አንቺ ደግሞ፣ ከቁጥር ጋር ለቅሶ ትቀመጫለሽ!» ብሎ ሳቀ። ብቻውን መሳቁን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እስከ ሰኞ ምክንያቱን ጻፊልኝ። አለዚያ እደርበዋለሁ።»

ምክንያቱን ለመጻፍ ተቀምጣ ሁለት መስመር ጻፈች፤ ሰረዘችው። እሷም ስም እንኳ ሳይወጣላት የቀበረቻት ሴት ልጅ ነበረቻት። እናቷ «የዳነ ቁስል አይነካካም፣ ልጄ» ስላለቻት፣ «ልጅ አለሽ?» ለሚላት ሁሉ «የለኝም» ስትል ኖራለች። ቁስሉ ግን አልዳነም። ራሷ ያልገባችበትን ረድፍ ለሌሎች ክፈቱ ማለት ከበዳት። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከታ ወጣች።

ቅዳሜ ጠዋት የደም ግፊት ካርዷን ልታሳድስ ክሊኒክ ሄደች። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው መዝጋቢ ማስቲካ የምታኝክ ልጅ እግር ናት።

«እትዬ፣ ልጅ አለዎት?»

ወንፊት የቦርሳዋን ማንገቻ አጥብቃ ያዘች። «አንድ ወልጃለሁ። ሞታለች።»

ማኘኩ ቆመ። «ነፍስ ይማር... እና፣ የለም ልበል?»

«አይ፣ የኔ ልጅ። ወልዳ ያጣች በይ።»

«እንደሱ የሚል ቦታ የለውም እኮ።»

«ዳር ላይ ጻፊው።»

ልጅቷ ካርዱን አጋድማ በጠባቡ ዳር ላይ ጻፈችና ሰጠቻት። ወንፊት መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ መልሳ በመስኮቱ አሾለከችላት።

«ቀን አልጻፍሽበትም።»

«ኧረ እትዬ፣ እርስዎስ ጉድ ነዎት!» እያለች ጻፈችላት። ወንፊት ቀለሙ እስኪደርቅ እዚያው ቆማ ጠበቀች፤ ካርዱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ቤቷ ሄደች።