ለጥሩሸዋ ያልደረሰ ጽዋ

ጥሩሸዋ ነገር የሚያንገሸግሻት ሴት አልነበረችም። የመንዝ ውርጭ አያማርራትም፣ የበግ ጉረኖ ሽታ አይከብዳትም። ባሏ ጫኔ ሲሞት እንኳ አልቅሳ ሲወጣላት «አንተ ታውቃለህ» ብላ ለፈጣሪዋ ሰጥታ ተቀመጠች። የየካቲት ማርያም ዕለት ግን፣ በገዛ ቤቷ፣ ሰው ሲበላ አይታ ሊያስመልሳት ደረሰ።

ነገሩ የመጣው በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ሽግሽግ ነው። በደርግ ጊዜ ሥልጣን ነበረው የተባለ ሁሉ «ቢሮክራሲ» እየተባለ ከመሬቱ ይቀነስበት ነበር። የጫኔ ሥልጣን ምን ነበር ቢሉ፣ ጡሩንባ መንፋት! የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ሲጠራ ጉብታ ላይ ወጥቶ ይነፋል፤ ከዚያ ወርዶ ከሰው ኋላ ይቀመጥና ስብሰባው ሳያልቅ እንቅልፍ ይወስደዋል። ይህን በሞላሌ ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። አፈወርቅም ያውቃል፤ ሲያንኮራፋ በክርኑ እየጎሸመ የሚቀሰቅሰው እሱ ነበርና። ያው አፈወርቅ በሽግሽጉ ስብሰባ ላይ ጋቢውን አጣፍቶ ተነሣና፣ «ሟች የኮሚቴ ሰው ነበር፤ ማርያምን!» አለ። የቀረው ሰው መሬት መሬት አየ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ! የምንጭ ሥሩ ማሳ፣ ጥሩሸዋን ዓመት ከዓመት የሚያደርሳት ገብስ የሚበቅልበት፣ ከእሷ ተቆርሶ ለራሱ ለአፈወርቅ ተሰጠ።

ባዕድ ቢሆን ይህን ያህል ባልከፋት። አፈወርቅ የማርያም ጽዋ ማኅበር ወንድሟ ነው። ስንት ዓመት ከእጇ በልቶ ጠጥቷል፤ የጫኔንም አስከሬን ከተሸከሙት አንዱ ነው። ወጪት ሰባሪ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ጥሩሸዋ አቤት አለች። አቤቱታው ሰኞ ይሰማል ተባለ፤ ጫኔ ጡሩንባ ነፊ እንጂ ሹም እንዳልነበረ የሚመሰክሩ ሁለት ጎረቤቶች ካቀረበች ማሳዋ ይመለስላታል። እግዜር ሲያደርገው ደግሞ የየካቲት ማርያምን ማኅበር የምታወጣው ተረኛ እሷ ነበረች። የማኅበሩ ሕግ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ነው፤ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ከጽዋው አይቀምስም። እንግዲህ የማኅበሩ የነፍስ አባት አባ ይሥሐቅ አፈወርቅን በሁሉ ፊት ይጠይቁታል፣ እሱም ጽዋውን ፈርቶ እውነቱን ያወጣል ብላ አሰበች። ከምንጭ ሥሩ ማሳ በሰበሰበችው በመጨረሻው ገብስ ጠላ ጠመቀች፤ ድፎ ዳቦም ደፋች።

ቀኑ ዓርብ ነበርና ቅዳሴ እስኪወጣ ከማኅበርተኛው ውኃ የቀመሰ አልነበረም። ሰው ገብቶ ተቀመጠ፣ ሽሮ ቀረበ። አፈወርቅ እጁን ከመስደዱ በፊት ድስቱን አሸተተ።

«ጥሩዬ፣ ይኸ ድስት ቅቤ የነካው አይደለም አይደል?»

የመበለት ማሳ የዋጠ ጉሮሮ ቅቤ ፈራ! ጥሩሸዋ ወደ ጓዳ ገብታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆየችና፣ ጽዋው ሊዞር ሲል ወጥታ ከመኻል ቆመች።

«አባ፣ እኔ ጠብ አለብኝ።»

«ከማን ጋር ነው ልጄ?» አሉ አባ ይሥሐቅ፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው።

«ከአፈወርቅ ጋር ነዋ። በማርያም ስም በሐሰት ምሎ ማሳዬን ወሰደብኝ። ጫኔ ምን እንደነበረ እርስዎም ያውቃሉ፣ እነዚህም ያውቃሉ። ሌላ ምንም አልለምናችሁም፤ ሰኞ ሁለት ሰው ብቻ መጥቶ እውነቱን ይናገርልኝ።»

አንዱ ሳለ፤ ሌላው የዳቦውን ቅርፊት በጥፍሩ ይፈቀፍቅ ጀመር። አባ ይሥሐቅ ጢማቸውን አሻሹ።

«የመሬቱ ነገር የመንግሥት ነው ልጄ። እኛ የነፍስን ነገር ነው የምናየው። ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ።»

ይኼኔ አፈወርቅ ብድግ አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «እንግዲህ እት ጥሩሸዋ ስሜን በየደጁ ስታጠፋ ከርማለች» አለ፤ «እኔ ግን ለእመቤቴ ስል ይቅር ብያታለሁ።» ጎንበስ ብሎም መሬት ሳመ።

«እሰይ! ክርስቲያን ማለት እንዲህ ነው!» አሉ አባ። ማኅበርተኛው «አሜን፣ አሜን» እያለ አጀበ። ሁሉም ዞሮ ጥሩሸዋን አያት።

«አንቺስ ልጄ?»

«ማሳዬን ይመልስና እኔም እግሩን እስማለሁ።»

«ይቅርታ ዋጋ አይጠየቅበትም። እንግዲያው ቂም ይዘሽ ጽዋ መቅመስ አይቻልሽም።»

ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የገዛ ገብሷ ጢሙን ሲያርሰው፣ አፈወርቅ ዓይኑን ጨፍኖ «ስምሽን ለሚጠራ» እያለ ሲጎነጭ ቆማ አየች። ሌሎቹም ጠጡ። እሷ ጋ ሲደርስ አለፋት። ተጸየፈቻቸው፤ የሚያላምጥ መንጋጋቸውን፣ ለምርቃት የተዘረጋ እጃቸውን፣ ያንን «አሜን» የሚል አፋቸውን ሁሉ ተጸየፈች። እንዲያም ሆኖ እንግዳ ነውና ጠላው ጎደል ባለ ቁጥር ቀዳችላቸው።

ሁሉም መርቆ ሲወጣ አፈወርቅ ወደ ኋላ ቀረት አለ።

«ጥሩዬ፣ በሬዬ አንድ ብቻ መሆኑን ታውቂያለሽ። ለበልግ ማሳውን ልገምሰው ነበር። በሬሽን ብታቀናጂኝ?»

«መቼ?»

«ነገ ቀዳም ነው፣ ከነገ ወዲያ እሑድ። ሰንበትማ አልሽርም። ሰኞ ይሁን።»

«ሰኞ እኮ አቤቱታዬ የሚሰማበት ቀን ነው።»

«እሱንማ ማን ሊመጣልሽ?» አለ፤ ክፋትም አልነበረበት፣ ስለ አየር ጠባይ የሚያወራ ነው የሚመስለው።

«እኔ ለጽዋው ያልበቃሁ፣ በሬዬ ለእርሻህ በቃ?»

«በሬ ምን ኃጢአት አለበት እኅቴ?»

በሩን ፊቱ ላይ ዘጋችበት።

ሰኞ ከሸንጎው ፊት ብቻዋን ቆመች። «ምስክሮችሽስ?» ሲሏት፣ «ዓርብ ቤቴ በልተው ጠጥተው ሄደዋል» አለች። የሳቀም ነበር። ማሳው ለአፈወርቅ ጸና።

በምንጩ በኩል አድርጋ ወደ ቤቷ ስትመለስ የጅራፍ ድምፅ ሰማች። አፈወርቅ ዕርፉን ጨብጦ ማሳውን አጋምሶታል። ከቀዩ በሬው ጎን በቀንበሩ የተጠመደው የአባ ይሥሐቅ ቡሬ ነበር።